በልክና በሰዓቱ፦ የሲስተር የዓለምዘርፍ ላቀው የሕይወት ታሪክ (1956–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር የዓለምዘርፍ ላቀው በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የገጠር አጥቢያ፣ ከአባታቸው ከቄስ ላቀው ይሄነው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታዬ ንጉሡ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለ ነበር አባታቸው የልጃቸውን መወለድ የሰሙት ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ካባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነበር። የክርስትና ስማቸውም በዚያው ወለተ ሚካኤል ተባለ።

ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩና ከእርሳቸው በኋላ የተወለዱትን አራት ወንድሞችና እኅቶች አዝለው አሳድገዋል። ፊደል የቈጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው፤ በዚያ ዘመን በአካባቢው ለሴት ልጅ ባልተለመደ ሁኔታም ዳዊት ደግመዋል። አባታቸው አጥብቀው ያስተማሯቸው አንድ ነገር በንባብ ላይ ምልክት አለመዝለልን ነው። ተማሪያቸው ልጃቸው በመሆኗ አንዲት ስሕተት እንኳ ሳያርሙ እንደማያልፉ ሲስተር የዓለምዘርፍ በፈገግታ ያነሡ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ አልታዬ በጡታቸው ላይ በወጣ ሕመም አልጋ ያዙ። ጠበል ተጠመቁ፤ በሰው ሸክም ተወስደውም ሐኪም ቤት ታዩ፤ ሕመሙ ግን ሥር ሰዶ ነበር። ሲጸናባቸው ልጆቹ እንዳይሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ጠያቂ ገብቶ «እንዴት ዋሉ?» ሲላቸው ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ጠያቂው ሲወጣ መልሰው ይነክሱታል። ከእናታቸው ዕረፍት በኋላ ያን ነጠላ ያጠቡት የዐሥራ ሦስት ዓመቷ የዓለምዘርፍ ነበሩ። ጫፉ ተበልቶ አልቆ ነበር እንጂ ሌላው ደህና ነበር። በኋላ ዘመን ለምን ነርስ እንደ ሆኑ በተጠየቁ ቍጥር ከዚህ ነጠላ በቀር የሚናገሩት ምክንያት አልነበራቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን መካነ ሰላም ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በደሴ ከተማ ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀጥሎም የነርስነት ሙያ ሠልጥነው በ1977 ዓ.ም. ተመረቁ። ለሥራ ሲሰናበቱ አባታቸው የሰጧቸው ምርቃት አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ በንባብሽ ምልክት እንዳልዘለልሽ በሕመምተኛም ላይ አትዝለይ።»

የመጀመሪያ ምድባቸው በከላላ ጤና ጣቢያ ነበር። ዓመቱ የድርቅና የረኀብ ዓመት ስለ ነበር ሥራቸውን የጀመሩት ሰው በሚበዛበትና መድኃኒት በሚያንስበት ጊዜ ነው። በከላላ ባገለገሉባቸው ዓመታት በበቅሎም በእግርም ቆላ ደጋ ወጥተው ወርደው እናቶችን አዋልደዋል፤ ሕፃናትንም ከትበዋል።

ባለቤታቸውን መምህር ገበየሁ አስናቀን ያወቋቸው እዚያው ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ጉንጫቸው በጥርስ ሕመም አብጦ ወደ ጤና ጣቢያው በገቡ ጊዜ ሲስተር የዓለምዘርፍ «እንዴት ነዎት?» ብለው ጠየቁ። እርሳቸውም እንደ አገሩ ደንብ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲሉ ሲስተር ካርዱን አጠፍ አደረጉና «ደህና ከሆኑ ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አሏቸው። መምህር ገበየሁ ይህን ታሪክ በየዓመቱ፣ በየዓመቱም ጥቂት እየጨመሩበት ሲያወሩት ኖረዋል። ጥር 13 ቀን 1981 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ። ልጃቸው ሀይማኖት በ1983 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ወንድማገኘሁም በ1987 ዓ.ም. ተወለዱላቸው።

ሲስተር የዓለምዘርፍ በ1984 ዓ.ም. ወደ ወረኢሉ ተዛውረው አራት ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ወደ መካነ ሰላም ተመለሱ፤ እስከ ጡረታቸውም ድረስ በዚሁ ቆዩ። በከተማው ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል በኀላፊነት ሲሠሩ በ2004 ዓ.ም. ስለ ጽኑ ሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ ለመሠልጠን አዲስ አበባ ተላኩ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ዕውቀት ሞርፊን ስለሚባለው መድኃኒት ነበር። በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው፤ በካንሰርና በመሰል ሕመም የሚሠቃየውን ሰው እፎይ ያሰኛል። ልኩ ሲያልፍ ደግሞ እንቅልፍን ያከብዳል፣ ትንፋሽንም ያዘገያል። ስለዚህ ለሕመምተኛው ሥቃይ መራራትና መድኃኒቱን መጠንቀቅ ከአንድ እጅ የሚጠበቁ ሁለት ነገሮች ናቸው።

መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱ በሲስተር የዓለምዘርፍ፣ ሌላው በሥራ ባልደረባቸው በሲስተር ራሕማ እጅ ነበር፤ አንዳቸው ብቻቸውን ሊከፍቱት አይችሉም። አንዳቸው ሲለኩ ሌላዋ ቆመው ያነብባሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህ አሠራር በጾምም በበዓልም እንኳ ሳይጓደል ለዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቷል። የአንዷ በዓል ሲሆን፣ በዓሏን በሥራ ላይ ስለምትውል፣ ከሌላዋ ቤት ምግብ ወደ ሆስፒታሉ ይመጣላት ነበር።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ፈርቶት ነበር። ሞርፊን የታዘዘለት ሰው የመጨረሻው ደረሰ ተብሎ ይለቀስለት ነበር። ከዚያ የባሰው ችግር ግን የአገራችን ሰው ሕመሙን አለመናገሩ ነው። ወጣት ነርሶች አልጋ ላልጋ እየዞሩ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ነርሷም ካርዱ ላይ ሕመም የለውም ብላ ትጽፋለች። ሲስተር የዓለምዘርፍ እንዲህ ያለ ካርድ ሲያገኙ ነርሷን ወደ አልጋው ይመልሷት ነበር። «ምስጋናውን ለፈጣሪ ተዪለት፤ እርሱ የእርሱ ነው። አንቺ ሕመሙን ጠይቂ» ይሏታል። ከዚያም ሕመምተኛው እጁን እንዲያነሣ ያደርጋሉ፤ ሕመም ከሌለ ጡጫ፣ ጥቂት ከሆነ አንድ ጣት፣ ከአቅም ካለፈ አምስቱም ጣት። በአፉ አመስግኖ በእጁ አምስት ጣት የሚዘረጋ ብዙ ሰው ነበር።

ሲስተር የዓለምዘርፍ ይህ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ በሕይወት ሳሉ ለወንድማቸው ሲያዝዙ አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል። «የመሪጌታን ነገር እንዳትዘልለው» አሉ። «ቀብሬ ላይ የሚቆመው ሰው ሁሉ ቤቱ አንድ ቀን ሕመምተኛ ይኖርበታል። ምስጋናዬን ብቻ ሰምቶ ከተመለሰ ምን ይጠቅመዋል?» ስለዚህ እንደ ትእዛዛቸው ይነበባል።

በከተማችን የዜማ መምህር የነበሩት መሪጌታ የኋላሸት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆድ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምና የሚያድነው ደረጃ ላይ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪም ሞርፊን አዘዘላቸው፤ ሲስተር የዓለምዘርፍ ደግሞ በየዕለቱ ከሥራ ሲወጡ እየጎበኟቸው ቤተሰቡን ማስተማር ጀመሩ። መድኃኒቱን የምትሰጣቸው ሴት ልጃቸው ብርሀንነሽ ነበረች፤ ያን ጊዜ የመሰናዶ ተማሪ ነበረች። ሲስተር መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጥተው፣ የቤት ማንኪያ ሁሉ እኩል እንደማይይዝ አሳይተው፣ ልኩን በቀይ ቀለም አሰመሩላት። ወረቀት ላይም «በየአራት ሰዓቱ» ብለው ጻፉላት። መሪጌታ በሳምንት ውስጥ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ተማሪዎቻቸውን አስጠርተው ከአልጋቸው ላይ ሆነው ማስተማር ቀጠሉ።

የካቲት 17 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። ሲስተር የዓለምዘርፍ ስለ ጾሙ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በዚያ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀመሱም፤ የቄስ ልጅ ናቸው። ነገር ግን የነርስነታቸው ሰዓትና የጾማቸው ሰዓት በልባቸው ለየብቻ ይኖሩ ስለ ነበር አላገናኟቸውም።

መሪጌታ የጠዋቱን መድኃኒት «ጾም ነው» ብለው መለሱ። የአራት ሰዓቱንም መለሱ። የስምንት ሰዓቱን ሲመልሱ ፊታቸው በላብ ርሶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ሲወጣ ግን ልጃቸውን ጠርተው «አሁን ያመለጠውን ሁሉ ደርበሽ አምጪው» አሏት። ያመለጣቸውን የጸሎት ሰዓት ከሚቀጥለው ጋር አያይዘው ማድረስ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነበርና መድኃኒቱም እንዲሁ መሰላቸው። ብርሀንነሽ አባቷ መምህር ናቸው፤ እንዴት እምቢ ትላለች? የሦስት ጊዜውን ልክ በአንድ ጊዜ አጠጣቻቸው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲስተር የዓለምዘርፍ እንደ ልማዳቸው ሲደርሱ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት በር ላይ ተቀብለው «ዛሬስ እግዜር ሰማን፤ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወስዷቸዋል። በሞቴ እንዳትቀሰቅሻቸው» አሏቸው። ሲስተር ግን ወደ አልጋው ቀርበው «መሪጌታ!» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። ትከሻቸውን ነቅንቀው ደግመው ተጣሩ። ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ጨፈኑ። የእጅ ሰዓታቸውን አይተው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽ ቈጠሩ፤ ስድስት ነበር፤ የደህና ሰው ግን ከዐሥራ ሁለት አያንስም።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ተረኛው ሐኪም ማርከሻውን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ሰጣቸው፤ አብዝቶ ቢሰጥ ትንፋሹ ሲመለስ ሥቃዩም እንደ ጎርፍ ይመለስ ነበርና። ማርከሻው ከሞርፊኑ ቀድሞ ኀይሉን ስለሚጨርስ ሲስተር የዓለምዘርፍ እስከ ማግስቱ ድረስ ከአልጋቸው ሥር ሳይለዩ ትንፋሻቸውን እየቈጠሩ ቆዩ። ምግብ ቢያመጡላቸውም አልቀመሱም። ጠዋት መሪጌታ ዐይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን በስሟ ጠሩ።

ሲስተር የዓለምዘርፍ በዚያው ቀን ስለ ሆነው ነገር በእጃቸው ሪፖርት ጻፉ። ጥፋቱን በብርሀንነሽም በመሪጌታም ላይ አላደረጉም። ከጻፉት ውስጥ አንዱ ዐረፍተ ነገር «ሕመምተኛው ጿሚ መሆናቸውን እያወቅሁ ስለ ጾማቸው አልጠየቅሁም» የሚል ነው። ከዚያም የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለሲስተር ራሕማ ዘረጉ። ከዚህ በኋላ ሞርፊን የሚባል ነገር በእጃቸው እንደማይነካ ወስነው ነበር።

ሲስተር ራሕማ እጃቸውን አልዘረጉም። «ወላሂ አልቀበልሽም» አሏቸው። «አንቺ ፈርተሽ ከተውሽው ያልፈራ ሰው ይይዘዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ሲስተር ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። ሁለት ቀን በዚያ ተቀመጠ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ቁም ሣጥኑ ስላልተከፈተ በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የነበሩ አንዲት እናት መድኃኒታቸው ተቋረጠባቸው፤ ሲስተር የዓለምዘርፍ ሊጎበኟቸው ሲገቡም ሴትዮዋ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው አገኟቸው። ያን ቀን ተመልሰው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ይህንንም «ሁለተኛው ጥፋቴ» ይሉት ነበር፤ ከመጀመሪያው የሚበልጠውም ይኸው እንደ ሆነ ያምኑ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ጠሯቸው። ሲስተር ይቅርታ ለመጠየቅ ሲንበረከኩ መሪጌታ አስነሷቸው። «ልጄ፣ አንቺ በሰዓት ቈጠርሽ፣ እኔ በጾም ቈጠርሁ፤ ቍጥራችን ሳይገናኝ ቀረ። ከእንግዲህ መድኃኒት ስትሰጪ የንስሐ አባቱን አስቀድመሽ ጥሪ። እኛ ካህናት ሌላውን ‘ደዌ ያለበት አይጾምም’ እያልን እናስተምራለን፤ ለራሳችን ሲሆን እናፍራለን። የሚያዝዘን ያስፈልገናል።» የእርሳቸውም የንስሐ አባት ቄስ ወንድዬ ተጠርተው መጡ። ቄስ ወንድዬ መሪጌታን ከጾም ፈቱኝ ብለው እንዲለምኑ አላደረጓቸውም። «ንስሐህ ይህ ነው፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትጠጣለህ፣ አንዱንም አታሳልፍም፣ አንዱንም አትደርብም» ብለው ቀኖና ሰጧቸው። መሪጌታም ቀኖናቸውን በደስታ ፈጸሙ። የትንሣኤን ዜማ ለተማሪዎቻቸው ከወንበራቸው ሆነው አድርሰው፣ በግንቦት ወር በሰላም ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት የዘረጉት አንድ ጣት ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር የዓለምዘርፍ ሞርፊን ለሚጀምር ክርስቲያን ሁሉ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» የሚል ሆነ። ለሙስሊም ሕመምተኞች ሲስተር ራሕማ በረመዳንም ከረመዳን ውጭም ከቤተሰቡና ከሼሁ ጋር ይነጋገሩ ነበር። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነበር፦ ያለፈ መድኃኒት አለፈ፤ ተደርቦ አይወሰድም።

ለቤተሰብ የሚሰጡትን ትምህርት ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር። ሕመምተኛው ቢተኛ እንኳ ከመስጠታችሁ በፊት በስሙ ጥሩት፤ የሚመልስ ከሆነ ስጡት፣ ካልመለሰ አትስጡ፤ ሰው ላኩ ይሉ ነበር። ከአረቄና ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር እንዳይገናኝ፣ የሆድ ድርቀት መከላከያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ እንዲሰጥ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ሰው በሞት ሲለይ የተረፈው መድኃኒት ቤት እንዳይቀመጥ፣ ለሌላ በሽተኛም እንዳይሰጥ፣ ተለክቶ እንዲመለስ ያዝዙ ነበር። ትንፋሽ ሲቈጥሩ ሕመምተኛው እንዳይጨነቅ የልብ ምት የሚቈጥሩ መስለው እጁን ይይዙታል፤ ዐይናቸው ግን ደረቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ ልጆች የአባታቸውን ሥቃይ ማየት ከብዷቸው «ጨመር አድርገሽ ገላግያቸው» ብለው በለመኗቸው ጊዜ «እኔ ከሕመማቸው ጋር ነው ሥራዬ፤ ከነፍሳቸው ጋር ሥራ የለኝም» ብለው መለሱላቸው። ከዚያም ሐኪሙን ጠርተው ልኩ እንደ ደንቡ እንዲስተካከል አደረጉ፤ አባትየውም ልጆቻቸውን መርቀው ከዐሥር ቀን በኋላ ዐረፉ። መንገዱ አስቸጋሪ በሆነባቸውና መድኃኒቱ ከደሴ በጊዜ በማይደርስባቸው የቅርብ ዓመታትም ያለው ሳያልቅ ቀድመው ለማስጠየቅ ያልረገጡት ቢሮ አልነበረም።

ብርሀንነሽ የኋላሸት በአባቷ አልጋ አጠገብ ካየችው በኋላ የነርስነት ሙያ ተማረች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች ያን ቀን እያነሣች ስታለቅስ ሲስተር የዓለምዘርፍ «አንቺ የጻፍሁልሽን ነው ያነበብሽው፤ ያልጻፍሁት እኔ ነኝ» ይሏት ነበር። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ሲስተር የዓለምዘርፍ ሥልሳ ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ ሲሰናበቱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ያጠለቁት በሲስተር ብርሀንነሽ አንገት ነው።

ሲስተር የዓለምዘርፍ በቤታቸው ሥርዐት ያላቸው፣ በወዳጅነታቸው የጸኑ፣ ቀልድ ዐዋቂ ሴት ነበሩ። በማኅበራቸው ጠላና ዳቦ ሲያቀርቡም እንደ መድኃኒት ለክተው ይቀዳሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ማንም ግን ከቤቴ ተንገዳግዶ አልወጣም» እያሉ ይመልሱ ነበር።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሰውነታቸው ከስቶ፣ ወገባቸውን እየቈረጠማቸው ስለ ተቸገሩ በደሴና በአዲስ አበባ ተመርምረው የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። የሐኪሙን ቃል ሰምተው ወደ ቤታቸው መመለስ መረጡ። በደሴ በነርስነት የምታገለግለው ልጃቸው ሀይማኖት ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሞርፊን ሲጀመርላቸውም ባለቤታቸው መምህር ገበየሁ በደብተር ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመሩ፤ ሰዓቱ፣ ልኩ፣ ትንፋሹ፣ ሲጠሩ መመለሳቸው፣ የጣታቸው ቍጥር በየመስመሩ ይጻፍ ነበር።

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ የካቲት 21 ቀን ዐርብ፣ ሀይማኖት የአራት ሰዓቱን መድኃኒት ለክታ ስታቀርብ እናቷ ፊታቸውን አዞሩ። «ለዛሬ ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ። የመጨረሻ ጾሜ ነው» አሏት። ሀይማኖት «እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?» ብትልም አልተመለሱም። በአርባ ዓመት ገደማ የነርስነት ዘመናቸው ስንቱን ከዚህ ፈተና ያወጡ ሰው፣ ፈተናው በራሳቸው አልጋ ሲመጣ እንደ መሪጌታ ሆኑ። ላባቸው በግንባራቸው መውረድ ሲጀምር ሀይማኖት ሲስተር ራሕማን አስጠራች።

ሲስተር ራሕማ ገብተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደማያውቋቸው ሕመምተኛ ፊት ለፊት እያዩአቸው «እትዬ፣ የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቋቸው።

ሲስተር የዓለምዘርፍ በሕመማቸው መካከል ሣቁ። የእርሳቸውም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ወንድዬ፣ አሁን በዕድሜ የደከሙ አባት፣ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። «ለመሪጌታ የሰጠሁትን ቀኖና ለአንቺ አላስቀርም» አሏቸው። እርሳቸውም መስቀል ተሳልመው፣ አማትበው ጠጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ሰዓት አላለፈም፤ አንድም አልተደረበም።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያሳለፉት ዳዊት እየተነበበላቸው፣ ጠያቂ እየተቀበሉ ነው። «እንዴት ዋሉ?» ለሚላቸው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ በኋላ አንድ ጣት ያነሡ ነበር። ሀይማኖት እጃቸውን ይዛ ስትቀመጥ አንድ ቀን ዐይናቸውን ሳይገልጡ «የልብ ምቴን አይደለም፤ ትንፋሼን ነው የምትቈጥሪው። ዐውቄብሻለሁ» አሏት። «ታዲያ ማን አስተማረኝ?» አለቻቸው። «ቍጠሪ፣ ቍጠሪ፤ አትዝለይ» አሏት።

ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በአራት ሰዓት በደብተሩ ላይ የተጻፈው መስመር ትንፋሻቸው ዐሥራ ሁለት እንደ ነበረ፣ በስማቸው ሲጠሩ መመለሳቸውንና ያሳዩት ጡጫ መሆኑን ያሳያል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይጨነቁና ሳይጮኹ፣ በተወለዱ በሥልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በአልጋቸው ላይ የነበረው ነጠላ ጫፉ ሙሉ ነበር።

ለቤተሰባቸው ያስቀሩት የመጨረሻ ትእዛዝ ጠርሙሱ ሳይመለስ የዕድር ጡሩንባ እንዳይነፋ የሚል ነበር። ስለዚህ ልቅሶው ተይዞ ቆየ። ጡሩንባ ነፊው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሀይማኖት የተረፈውን መድኃኒት ለካች፤ ሠላሳ ስድስት ሚሊ ሊትር ነበር። ሲስተር ራሕማ ቆመው አነበቡ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ሲስተር ራሕማና ሲስተር ብርሀንነሽ ሆስፒታል ወስደው በሁለቱ ቁልፎቻቸው ቁም ሣጥኑን ከፍተው አስገቡት፤ ዘጉትም። መምህር ገበየሁም በሠንጠረዡ ከመጨረሻው መስመር በታች በማስመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከዚያ በኋላ ጡሩንባው ተነፋ።

ሲስተር የዓለምዘርፍ ላቀው የመምህር ገበየሁ አስናቀ ባለቤት፣ የሲስተር ሀይማኖትና የአቶ ወንድማገኘሁ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ የአራት ወንድሞችና እኅቶች ታላቅ ነበሩ። ሥርዐተ ቀብራቸው ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱበት አጥቢያ፣ ክርስትና በተነሡበት በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ወላጆቻቸው ባረፉበት ዐፀድ ይፈጸማል። ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ፣ ከወረኢሉና ከአጅባር በእግርም በመኪናም የመጣችሁ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ በሐዘናችን ጊዜ ስላልተለያችሁን ቤተሰቡ በእርሳቸው ስም ምስጋናውን ያቀርባል። ቤታችሁ ውስጥ የተረፈ መድኃኒት ያለ እንደ ሆነም በእርሳቸው መታሰቢያ ለክታችሁ መልሱት።

የብዙዎችን ሥቃይ በልክና በሰዓቱ ያቀለሉትን የወለተ ሚካኤልን ነፍስ እግዚአብሔር ጣት ማንሣት በማያስፈልግበት፣ ሰዓትም በማይቈጠርበት ዕረፍት ይቀበልልን። ለእኛም የእናታቸውን ነጠላ ያሰበ ልብ፣ አንድ ምልክት የማይዘልል እጅ ይስጠን። አሜን።